ጆሴፍ ኤድጋር ቦም፣ የቪክቶሪያ ዘመን የመልክ ቀራፂ

ሰር ጆሴፍ ኤድጋር ቦም በንግሥት ቪክቶሪያ የግዛት ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለንደን ውስጥ እጅግ ብዙ ሥራ ይታዘዝላቸው ከነበሩት ቀራፂዎች አንዱ ነው። ነገሥታትን፣ የጦር አዛዦችን፣ የሳይንስና የሥነ ጽሑፍ ሰዎችን በነሐስና በእብነ በረድ ቀርጿል፤ ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ቢሆንም ሥራዎቹን ግን ብዙ መንገደኛ በየቀኑ ያያቸዋል።

ቦም እ.ኤ.አ. በ1834 ቪየና ውስጥ ከሃንጋሪ የዘር ሐረግ ካለው ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ጆሴፍ ዳንኤል ቦም ስመ ጥር የሜዳልያ ቀራፂና በቪየናው የንጉሠ ነገሥት ገንዘብ ማተሚያ ቤት የቀራፂዎች አለቃ ነበር። ይህ ተቋም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም፤ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲገበያዩበት የኖረው የማርያ ቴሬዛ ብር ከዚያው ይወጣ ነበር። ልጁ በ1848 ለንደን መጥቶ በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን የፓርተኖን (የጥንቱ የአቴና ቤተ መቅደስ) ቅርጾች እያየ አጠና፤ ከዚያም በጣሊያን፣ በፓሪስና በቪየና ሙያውን ካዳበረ በኋላ በ1862 ተመልሶ ለንደን ከተመ፤ በ1865 የእንግሊዝ ዜግነት አገኘ።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የነበረው የቅርጻ ልማድ ገና ከግሪክና ከሮም ጥላ አልወጣም ነበር፤ የዘመኑን ፖለቲከኛ እንደ ጥንት ሮማዊ ኩታ አልብሶ ማቆም እንደ ክብር ይቆጠር ነበር። ቦም ግን ሰውን በዘወትር ልብሱ፣ በአቀማመጡና በድካሙ ጭምር መቅረጽ መረጠ። ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን በተሻለ የሚያሳየው፣ በእኔም ግምት የላቀው፣ በ1875 ለእይታ የቀረበው የታሪክ ጸሐፊው የቶማስ ካርላይል ሐውልት ነው። ሽማግሌው ረጅም ካባውን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከወንበሩ ሥር መጻሕፍት ተቆልለዋል፤ የካባው እጥፋቶች ከጉልበቱ ላይ ከብደው ይወርዳሉ፤ ፊቱ በሐሳብ የተያዘ ሰው ፊት ነው። ታላቅነቱን የሚያውጅ ዘውድም ሆነ ጥቅልል በእጁ የለም። የነሐሱ ቅጂ በ1882 በቼልሲ፣ ካርላይል ይኖርበት ከነበረው ቤት አቅራቢያ ቆመ።

የአሠራሩ ሂደት በዘመኑ የተለመደው ነበር። ቀራፂው ሰውየውን ፊት ለፊት አስቀምጦ በጭቃ ይሠራል፤ ጭቃው በጄሶ ይገለበጣል፤ ጄሶው ነሐስ ወደሚያቀልጡ ባለሙያዎች ይላካል፣ ወይም በመለኪያ መሣሪያ ነጥብ በነጥብ እየተለካ ድንጋይ ጠራቢዎች ወደ እብነ በረድ ያዛውሩታል። ስለዚህ የታዋቂ ቀራፂ መሥሪያ ቤት ብዙ እጅ የሚሠራበት ቦታ ነበር። ከ1872 ጀምሮ የቦም ዋና ረዳት የነበረው ፈረንሳይ ተወላጁ ኤድዋርድ ላንቴሪ ሲሆን፣ ኋላ ታላቅ ቀራፂ የሆነው አልፍሬድ ጊልበርትም በዚያ ሠርቷል። ትእዛዙ ሲበዛ የሥራው ጥራት እንደተጎዳ መካድ አይቻልም፤ ከአደባባይ ሐውልቶቹ አንዳንዶቹ በመልክ ትክክል ሆነው ሕይወት የጎደላቸው ናቸው።

ከቤተ መንግሥት ጋር የነበረው ቅርበት የዕድሜ ልክ ነበር። ለዊንድዘር ግንብ ንግሥቲቱን ተቀምጣ በእብነ በረድ ቀረጻት፤ ልጇን ልዕልት ልዊዝን ቅርጻ አስተማረ፤ በ1881 የንግሥቲቱ ይፋዊ ቀራፂ፣ በ1882 የሮያል አካዳሚ (የእንግሊዝ የሥነ ጥበብ ማኅበር) ሙሉ አባል፣ በ1889 ደግሞ ባሮኔት (በውርስ የሚተላለፍ ማዕረግ ባለቤት) ሆነ። የአባቱን ሙያ የሚያስታውሰው ሥራ ግን ያላማረለት እርሱ ነው። ንግሥቲቱ የነገሠችበት 50ኛ ዓመት በ1887 ሲከበር በአዲሱ ሳንቲም ላይ የሰፈረውን መልኳን የነደፈው ቦም ሲሆን፣ ከመጎናጸፊያዋ በላይ የተቀመጠችው ትንሽ ዘውድ ልትወድቅ የደረሰች ትመስላለች ተብሎ ተተቸ። በ1893 በሌላው ቀራፂ በቶማስ ብሮክ ንድፍ ተተካ።

በ1885 በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የተመረቀው የቦም የቻርልስ ዳርዊን ሐውልት የተሠራው ሳይንቲስቱ ከሞተ በኋላ በሕዝብ መዋጮ ነው። በ1927 ከዋናው ደረጃ ተነሥቶ፣ ዳርዊን የተወለደበት 200ኛ ዓመት ሲቃረብ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሷል። በሃይድ ፓርክ ኮርነር በ1888 የቆመው፣ እርሱው የሠራው የጦር አዛዡ የዌሊንግተን መስፍን ፈረሰኛ ሐውልት በአራት ማዕዘኖቹ አራት ወታደሮች የቆሙበት ሲሆን፣ ወታደሮቹ ከመስፍኑ ይልቅ ዓይን ይስባሉ።

ለእኛ የቅርብ የሚሆኑት ሁለት ሥራዎቹ ናቸው። አንደኛው በዊንድዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ያለው፣ በ1879 በዙሉ ጦርነት የተገደለው የፈረንሳዩ ልዑል የናፖሊዮን 3ኛ ልጅ የተጋደመ ምስል ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት ሞቶ በዚያው ቤተ ጸሎት ደጃፍ ተቀበረ። ሁለቱም በእንግሊዝ ያደጉ፣ አባቶቻቸው ዙፋን ያጡ ልጆች ነበሩ፤ ለአንዱ ንግሥቲቱ የምታውቀው ቀራፂ እብነ በረድ ሲጠርብለት፣ ለሌላው የቆመለት ስሙን የያዘ የናስ ሰሌዳ ነው። ልዩነቱን ያየ ኢትዮጵያዊ ልቡ አይነካም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው የመቅደላውን ዘመቻ የመራው የሮበርት ናፒየር ፈረሰኛ ሐውልት ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ለካልካታ ተሠርቶ ነበር፤ ናፒየር በ1890 ሲሞት ለንደንም አንድ እንዲኖራት ተወሰነ። ቦም ግን ምርቃቱን አላየም፤ በ1890 ታኅሣሥ ወር በፉልሃም መንገድ በሚገኘው መሥሪያ ቤቱ በድንገት ሞቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። ሐውልቱ በ1891 በዋተርሉ ፕሌስ ቆመ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወደ ኩዊንስ ጌት ተዛውሮ እስካሁን በዚያ ይገኛል።