ዋት-ሰዓት ምንድን ነው? ሦስት የሶላር ፕሮፎርማ ይዞ ለሚያመነታ የጎንደር ሰው

አክስቴ አዘዞ ነው የሚኖሩት። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ ቡናው ሳይፈላ አንድ ፌስታል አወጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ውስጡ ሦስት ፕሮፎርማ አለ፤ ሁለቱ ከፒያሳ፣ አንዱ ከአራዳ። «የትኛው ይሻለኛል? አንተ ኤሌክትሪክ ትነካካለህ» አሉኝ። ሦስቱም ላይ «የቤት ሶላር ሙሉ ዕቃ ከነመግጠሚያው» ይላል። ዋጋቸው ግን ፈጽሞ አይቀራረብም። አንዱ ባለ 5 ኪሎ ነው፣ ሌላው ባለ 3 ኪሎ፣ ሦስተኛው ደግሞ 5 ኪሎ ሆኖ ከሁሉም ይረክሳል። አክስቴ ልባቸው ወደ ሦስተኛው አዘንብሏል።

ሱቅ ውስጥ «ኪሎ» ሲባል ኪሎዋት ማለት ነው፤ ያውም የኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው ዕቃ። ሰው ሁሉ ሶላር የሚያወዳድረው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን ማታ ስንት ሰዓት መብራት እንደሚኖርዎት አንዲት ቃል አይነግርዎትም። ያንን የሚነግረው ዋት-ሰዓት ነው፤ ካየኋቸው ሦስት ወረቀቶች በአንዱም ላይ አልተጻፈም።

ውኃ በፈረቃ የለመደ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ዋት ከሮቶው በቧንቧ የሚወርደው ውኃ ፍጥነት ነው። ዋት-ሰዓት ደግሞ ሮቶው ውስጥ ያለው ውኃ ራሱ፣ በሊትር የሚለካው። ሰፊ ቧንቧ ትንሽ ሮቶ ላይ ቢገጥሙ ውኃው ደስ ብሎ ይወርድና ቶሎ ያልቃል። «5 ኪሎ» የቧንቧው ስፋት ነው። ሮቶው ባትሪው ነው፤ ሮቶውን የሚሞላው ፓኔሉ ነው። ስሌቱ እንዲህ ቀላል ነው፦ 9 ዋት አምፖል 5 ሰዓት ከበራ 45 ዋት-ሰዓት በላ። አንድ ሺህ ዋት-ሰዓት አንድ ኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ ቆጣሪዎ የሚቆጥረውም እሱኑ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሱቁ ሳይሆን ቤቱ ነው። «እትዬ፣ ማታ ማታ ምን ምን ያበራሉ?» አልኳቸው። ስድስት አምፖል፣ እያንዳንዱ 9 ዋት፣ 5 ሰዓት፦ 270። ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩ 70 ዋት ገደማ፣ 5 ሰዓት፦ 350። ስልኮች ሁሉም ተደምረው 60። የልጆቹ ዋይፋይ 10 ዋት ብቻ ቢሆንም ቀንና ሌሊት ስለማይጠፋ 240 ይበላል። ትንሿ ፍሪጅ በቀን ወደ 1,000። ድምሩ 1,920 ዋት-ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለው 1,350 ያህል ነው፤ ባትሪው የሚሸከመው ይህን ነው። የቀረውን ፀሐይ እያለች ፓኔሉ በቀጥታ ይከፍላል።

መደመር የሰለቸው ሰው ሌላ መላ አለው። ማታ 12 ሰዓት ላይ የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደግመው ያንሱ። ልዩነቱ የሌሊት ፍጆታዎ ነው። ሦስት ሌሊት ቢደግሙት ከማንኛውም ሻጭ ግምት የተሻለ ቁጥር ያገኛሉ። ምጣድ ያልተጣደበትን ምሽት ይምረጡ እንጂ።

ስለ ምጣዱ አንድ ጊዜ ተናግሬ ልለፈው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት 5,000 ዋት-ሰዓት አካባቢ ሄደ ማለት ነው፤ የአክስቴ ቤት ከሁለት ቀን በላይ የሚኖርበት ኃይል። «5 ኪሎው ምጣድ ያስጋግራል» የሚል ሻጭ ስለ ቧንቧው አልዋሸም፣ ስለ ሮቶው ግን ዝም ብሏል። ምጣዱ በመንግሥት መብራት ወይም በማገዶ ይቆይ።

ወደ ፌስታሉ እንመለስ። የመጀመሪያው ፕሮፎርማ አራት ባለ 550 ዋት ፓኔል፣ 5 ኪሎ ኢንቨርተር፣ ሁለት ጄል ባትሪ ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት ይላል። ሁለተኛው ሁለት ባለ 550 ፓኔል፣ 3 ኪሎ ኢንቨርተር፣ አንድ ሊቲየም ባለ 25.6 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ይዟል፤ ዋጋው ከአንደኛው በ20 በመቶ ይበልጣል። ለዓይን አንደኛው እጥፍ ይመስላል።

ባትሪን ወደ ዋት-ሰዓት ለመለወጥ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ማባዛት ነው። አንደኛው 12 ሲባዛ በ200፣ ሁለት ጊዜ፦ 4,800። ሁለተኛው 25.6 ሲባዛ በ100፦ 2,560። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆማል፤ ስሌቱ ግን ገና ነው። ጄልን ጨምሮ የእርሳስ ባትሪ ቤተሰብ በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ከ4,800ው እጅ የሚገባው 2,400 ነው። ለቤት ሶላር የሚሸጠው የሊቲየም ዓይነት፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ ግን 90 በመቶ ያህሉን ቢያወጡት አይከፋም፦ 2,304። እጥፍ የነበረው ልዩነት ጠፋ።

ቀጥሎ ኢንቨርተሩ ራሱ ይበላል፣ በሁለት አፍ። አንደኛ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ሲለውጥ 10 በመቶ ያህል በሙቀት ያስቀራል። ሁለተኛውን አፍ ማንም አይነግርዎትም፦ ምንም ሳይበራበት እንኳ ራሱን ለማንቃት የሚወስደው ኃይል አለ። ትልቅ ኢንቨርተር 50 ዋት ቢወስድ በ13 ሰዓት ሌሊት 650 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከአክስቴ አምፖሎች ሁሉ ከእጥፍ በላይ! ለዚህ ነው ኢንቨርተር «ለወደፊቱ ይሆነኛል» ተብሎ ከልክ በላይ የማይገዛው። 30 ዋት የሚወስደው ትንሹ 390 ይበቃዋል።

እንቀንስ። አንደኛው፦ 2,400 ላይ 10 በመቶ ሲነሳ 2,160፣ 650 ሲቀነስ 1,510። ሁለተኛው፦ 2,304 ላይ 10 በመቶ ሲነሳ 2,074፣ 390 ሲቀነስ 1,684። «ትንሹ» በለጠ። ዋጋውን ለዚህ የማታ ዋት-ሰዓት ብናካፍለው የ20 በመቶው ውድነት ወደ 8 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ፕሮፎርማ የሚወዳደረው እንዲህ ነው፦ ብሩ ሲካፈል ለማታ ዋት-ሰዓት፤ ለ«ኪሎ» አይደለም።

ሁለቱም ዛሬ ለ1,350 ይበቃሉ። ነገር ግን ባትሪ ያረጃል፣ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ሲወርድም የመለወጫው ጊዜ ደረሰ ይባላል። ያን ቀን አንደኛው ፕሮፎርማ የሚሰጠው 1,080 አካባቢ ብቻ ነው፤ ፍሪጅዋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዝም ትላለች። በየቀኑ የሚሠራ ጄል እዚያ የሚደርሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ደህና ሊቲየም ከ3,000 ዙር (አንዴ ሞልቶ አንዴ ማውጣት) በላይ ይሄዳል፤ በቀን አንድ ዙር ብንል ስምንት ዓመት ያልፋል። የጎንደር አየር እዚህ ላይ ይረዳናል። የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለች ከተማ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ያንኑ ፕሮፎርማ መተማ ለሚኖር ዘመድ ከላኩለት ግን ሌላ ስሌት ነው።

ፓኔሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ጎንደር ፀሐይ አልቸገራትም፤ የሚያስቸግረው ክረምት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ብርሃን ቢኖርም እንደ ሙሉ ፀሐይ የሚቆጠረው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ለሐምሌና ለነሐሴ 4 ሰዓት ብሎ ማቀድ ደህና ነው። ሁለት ባለ 550 ፓኔል፣ 1,100 ሲባዛ በ4፣ ለአቧራና ለገመድ ሩብ ይቀነስ፦ 3,300 ዋት-ሰዓት በቀን። ቤቱ የሚበላው 1,920 እና ኢንቨርተሩ ራሱን ለማንቃት በ24 ሰዓት የሚወስደው 720 ሲደመሩ 2,640 ነው፤ በሙቀት የሚቀረው 10 በመቶ ቢጨመርበትም ይበቃል።

ፓኔል ሲገዙ ሜትር ይዘው ይሂዱ፤ የልብስ ሰፊ ሜትርም ቢሆን። ዛሬ ያሉ ጥሩ ፓኔሎች ከአንድ ካሬ ሜትር የሚያወጡት ከ200 እስከ 230 ዋት ነው። ባለ 550 ዋቱ 2.28 ሜትር በ1.13 ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱም ወደ 28 ኪሎ፤ ይህኛው የእውነት ኪሎ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ሆኖ «500 ዋት» የሚል ካገኙ ተለጣፊው ወረቀት ከመስተዋቱ በላይ ይሠራል ማለት ነው። ከጀርባው የተጻፈውን የሥራ ቮልትና አምፔርም ያባዙት፤ ዋቱን ካልሰጠ ይመልሱት።

በፓኔሉና በባትሪው መካከል ሆኖ አሞላሉን የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ደግሞ ዓይነቱ ይጻፍ። ኤምፒፒቲ የሚባለው የፓኔሉን ከፍተኛ ቮልት ወደ ባትሪው ልክ አውርዶ አምፔሩን ያበዛል። ርካሹ ፒደብልዩኤም ግን ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ያወርደዋል፤ ልዩነቱ ይባክናል። ባለ 550 ፓኔል 13 አምፔር በ42 ቮልት ያህል ያመርታል፤ በፒደብልዩኤም ባለ 24 ቮልት ባትሪ ላይ 13 አምፔር በ27 ቮልት ሆኖ ይገባል፣ ማለትም 350 ዋት ብቻ። የአንደኛው ፕሮፎርማ «60 አምፔር ኮንትሮለር» ይላል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይልም።

ከእነዚህ ቀጥሎ ያሉትን በአጭሩ ልጥቀስ፤ ዋጋቸው ትንሽ፣ መዘዛቸው ግን ብዙ ነው። ከፓኔል የሚመጣው ገመድ ላይ የሚገባው ብሬከር ለቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) የተሠራ መሆን አለበት። የተራው የቤት ብሬከር ያንን ብልጭታ ላያጠፋው ይችላል፤ እሳት የሚነሳውም ከዚያ ነው። የክረምት መብረቅ ለለመደ ከተማ የመሬት ገመድና የመብረቅ መከላከያ በፕሮፎርማው ላይ በስማቸው ይታዩ። የኢንቨርተሩ ሞገድ ንጹሕ ሳይን፣ ማለትም እንደ መንግሥት መብራት ለስላሳ፣ ይሁን፤ የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛ ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ያንን ቅጽበት የሚችል መሆኑ ይጠየቅ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ብረቱ የሚታሰረው ወራጁ ላይ እንጂ ቆርቆሮው ላይ አይደለም። ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል፤ ዝናቡ አቧራውን ይዞት እንዲወርድም ይጠቅማል። በሰኔ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ አንዳንዱ ሰው «ተሳስተው ገጠሙት» ይላል። አልተሳሳቱም፤ ተዳፋቱ ትንሽ ስለሆነ የሚቀርበት ጥቂት ነው።

ዋጋው ላይ ደግሞ 15 በመቶው ቫት ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም የሚለውን ያንብቡ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ፕሮፎርማ የሚጸናበት ቀን እያጠረ ስለመጣ፣ የመጋቢትን ወረቀት ከግንቦት ወረቀት ጋር ማወዳደር ለማንም አይጠቅምም። የፓኔሉ የ25 ዓመት ዋስትና የፋብሪካው ቃል ነው፤ እርስዎን የሚመለከተው ኢንቨርተሩ ዝም ሲል ማን መጥቶ ይፈታዋል፣ በስንት ቀን የሚለው ነው። እሱም ይጻፍ።

ያንን የረከሰውን ሦስተኛ ፕሮፎርማ አልረሳሁትም። «አንድ ሊቲየም ባትሪ 200 አምፔር-ሰዓት» ብቻ ነበር የሚለው። ቮልት የለውም። ቮልቱ 51.2 ከሆነ ባትሪው 10,240 ዋት-ሰዓት ነው፣ ዋጋውም ሲሳይ ነው። 12.8 ከሆነ ግን 2,560፣ ያው የሁለተኛው ያህል፤ የዚያን ጊዜ ደግሞ 5 ኪሎው ኢንቨርተር ሙሉ ጭነት ቢያገኝ ከባትሪው 400 አምፔር ገደማ ሊስብ ነው። በእስክሪብቶ ባዶ መስመር አሰመርኩና «እትዬ፣ እዚህ ላይ ቮልቱን ጽፈው ማኅተም ያድርጉበት ይበሏቸው» ብዬ ወረቀቱን መለስኩላቸው።

በሳምንቱ ደወሉልኝ። «ጻፉልኝ» አሉ። «ስንት አሉ?»

«አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት።»