«ለፈጣን እጅ ብቻ ነው» እና ሌሎች ስለ 24 ሰዓት ኮሚክ የምንሰማቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ይዘው አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። የኮሚክ መሸጫ ሱቅ ሊሆን ይችላል፤ ቤተ መጻሕፍትም ሊሆን ይችላል። እሁድ ጠዋት ሲወጡ እያንዳንዳቸው ከባዶ ወረቀት ተነስተው የሠሩትን ባለ 24 ገጽ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የተነገረ ታሪክ፣ ይዘዋል። ወይም 15 ገጽ። ወይም የቀላ ዓይን ብቻ። ነገሩ «የ24 ሰዓት ኮሚክ» ይባላል። ወሬው በተነሳ ቁጥር ግን የሚባሉት ነገሮች ያው ናቸው፣ አብዛኞቹም ስህተት ናቸው።

«እጃቸው ለፈጠነ ሰዎች የተፈጠረ ነው»

እንዲያውም የጀመሩት ሁለት ቀርፋፋ ሰዎች ናቸው። አሜሪካዊው ካርቱኒስት ስኮት መክላውድ በ1990 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ጓደኛውን ስቲቭ ቢሴትን «በአንድ ቀን 24 ገጽ እንሥራ» ብሎ ተፈታተነው። ሁለቱም ሥራቸውን ቶሎ የሚያደርሱ ሰዎች አልነበሩም። መክላውድ ግን አንድ ነገር አስተውሏል። ቢሴት እንዲሁ ሲሞነጫጭር እጁ ይበራል፤ ለኅትመት ሲቀመጥ ይተሳሰራል። ችግሩ እጁ አልነበረም ማለት ነው። ጊዜውን የሚበላው «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» የሚለው የውስጥ ሙግት ነው። ታዲያ ለሙግት የሚተርፍ ጊዜ ባይኖርስ? መክላውድ የራሱን ኦገስት 31 ቀን ጨረሰ። ቢሴትም ከቀናት በኋላ የራሱን ሠራ።

ወርሃዊ ኮሚክ የሚሥል ባለሙያ በቀን አንድ ገጽ ከጨረሰ ደህና ሠራ ይባላል። እዚህ አንድ ገጽ በሰዓት ነው። ምሳም፣ ሽንት ቤትም፣ ሸለብ ማድረግም ከዚያችው ሰዓት ላይ ይቀነሳሉ። በዚህ አካሄድ ፈጣኑም ቀርፋፋውም እኩል ላብ ያልበዋል።

«ታሪኩን ቤት አዘጋጅቶ መምጣት ይቻላል»

አይቻልም። ንድፍ፣ የገጸ ባሕርይ ሥዕል፣ በቁራጭ ወረቀት የተጻፈ የታሪክ ሐሳብ፣ ሁሉም ክልክል ነው። ዕቃ መሰብሰብ፣ አይቶ ለመሣል የሚረዱ ፎቶዎችን መያዝና ምግብ መቋጠር ግን ይፈቀዳል። ሰዓቱ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። በፈረንሳይ አንጉሌም ከተማ በ2007 በካርቱኒስቱ ሌዊ ትሮንዳይም አነሳሽነት በተጀመረው ዝግጅት ደግሞ ለአታላይ ቀዳዳ አልተተወም። ሁሉም ታሪኩ ውስጥ ሊያስገባው የሚገባ አንድ ግዴታ የሚነገረው ሥራው ሲጀመር ነው። ቤት የተዘጋጀ ታሪክ ካለህ እዚያው ወደቀ።

«24 ገጽ ካልሞላ ተሸንፈሃል»

ይሄኛውን ታዋቂ ሰዎች ናቸው ያፈረሱት። ደራሲው ኒል ጌይማን ሞከረና 24 ሰዓቱ ሲሞላ ገጹ አልሞላም። እዚያው አቆመ። «የኒንጃ ኤሊዎች» የሚባለውን ኮሚክ ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ኬቨን ኢስትማንም ሰዓቱ አለቀበት። እሱ ግን ቀጠለና 24ኛውን ገጽ እስኪጨርስ አልተነሳም። መክላውድ ሁለቱንም «የክብር ሽንፈት» ብሎ ተቀበላቸው። ዛሬም በየዝግጅቱ ሰዓት አልቆበት የሚያቆም «እንደ ጌይማን»፣ ሰዓት አልፎም የሚቀጥል «እንደ ኢስትማን» ይባላል። መውደቂያው መንገድ ራሱ ስም ያለው ጨዋታ ብዙ አይገኝም። እኔ ብሆን እንደ ጌይማን ነኝ። ከ24 ሰዓት በኋላ አልጋ ይበልጣል።

«ውድድር ነው»

ዳኛ የለም። አንደኛ የሚባልም የለም። በ2004 አፕሪል 24 ቀን (ቀኑ ራሱ 24 መሆኑን ልብ በሉ) ናት ገርትለር የሚባል ጸሐፊና አሳታሚ የመጀመሪያውን «የ24 ሰዓት ኮሚክ ቀን» አዘጋጀ። የተለያዩ ከተሞች ሰዎች በአንድ ቀን ተቀምጠው ሣሉ። በኋላ ቀኑ ወደ ኦክቶበር ተዛወረና የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ረጋ። በኛ አቆጣጠር መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ገደማ ማለት ነው።

ሁሉም የራሱን የሚሠራ ከሆነ ለምን ይሰበሰባሉ? ደቦ እንዳንለው ሁሉም የሚያርሰው የራሱን ማሳ ነው። ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብቻህን ቤትህ ብትሆን እርሳሱን ጥለህ ትተኛለህ። ጎንህ ያለችው ልጅ 17ኛው ገጽ ላይ መሆኗን ስታይ አትተኛም። ቡና የሚያፈላም አይጠፋም።

«ሥዕል የማይችል ምን ይሠራል?»

ክብ ጭንቅላትና አምስት መስመር ሣል፤ ሰው ነው። ኮሚክ የሚነበበው በሳጥኖቹ ቅደም ተከተል ነው። አንዱ ሳጥን ላይ በር ይንኳኳል፤ ቀጣዩ ላይ ክፍሉ ባዶ ነው። መሃል ያለውን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል። ደግሞም 20ኛው ሰዓት ላይ የጎበዙም ሰው ሥዕል ወደ ክብና መስመር መውረዱ አይቀርም።

«ኮሚክ ከሆነ ማሳቅ አለበት»

ቃሉ ነው ያሳሳተን። «ኮሚክ እኮ ነህ!» የምንለው የሚያስቅ ሰው ስናይ ነው። እዚህ ግን ቃሉ በተከታታይ ሥዕል የተነገረ ታሪክ ማለት ነው። ሐዘንም፣ ፍርሃትም፣ የልጅነት ትዝታም ይገባበታል። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በሳጥን በሳጥን፣ ብዙ ጊዜ በ44፣ ከፋፍሎ ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር የሚያሳየውን የሀገራችንን ሥዕል ያላየ አለ? እሱን አይቶ ከት ብሎ የሳቀ ሰው አላውቅም።

«ማሳተሚያውስ ገንዘብ ከየት ይመጣል?»

ኮፒ ቤት እስካለ ድረስ ገንዘቡ አያስጨንቅም። 24 ሰዓት ለከበዳቸው ደግሞ ባለ 8 ገጽ ሚኒ ኮሚክ አለ። አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። የሚፈልገው አንድ ኤ4 ወረቀትና መቀስ ነው። ወረቀቱን በቁመቱ ለሁለት እጠፉና ዘርጉት። ከዚያ በወርዱ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት አጥፋችሁ ዘርጉት። 8 ሳጥን ወጣ። በቁመቱ ያጠፋችሁት መስመር ላይ መሃል ያሉትን ሁለት ሳጥኖች ርዝመት ያህል ብቻ በመቀስ ቅደዱ፤ ዳርና ዳሩን አትንኩ። አሁን በቁመቱ መልሳችሁ አጥፉና ሁለቱን ጫፎች ወደ መሃል ግፉ። ቅዱ ይከፈትና ከላይ ሲታይ መስቀል ይሠራል። ቅጠሎቹን ወደ አንድ ጎን ስትሰበስቧቸው ሽፋኗን ጨምሮ 8 ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ሆነች። ሥዕሉ ሁሉ በወረቀቱ አንድ ፊት ላይ ስለሆነ ኮፒ ቤቱ የሚያስከፍላችሁ የአንድ ገጽ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ተዘርግቶ ሲታይ አራቱ ገጾች የተዘቀዘቁ ናቸው። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ይህን ረሳሁና ጀግናዬ ግማሹን ታሪክ በጭንቅላቱ ቆሞ ጨረሰው።

ባለ 24 ገጹ ትንሽ ሂሳብ አለው። ኤ4 መሃል ለመሃል ሲታጠፍ በሁለት ፊቱ 4 ገጽ ይይዛል። ስለዚህ 6 ወረቀት በቂ ነው። ጎን ለጎን የሚታተሙት ገጾች ሲደመሩ ምንጊዜም 25 መሆን አለባቸው፦ 1 ከ24 ጋር፣ 2 ከ23 ጋር፣ እንዲህ እያለ እስከ 12 እና 13። ካልሆነ ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል። ስቴፕለር መሃሉ ድረስ ካልደረሰ መርፌና ክር ይሠራል። ሦስት ቀዳዳ ይበቃዋል።