ሮኬት እና ሬድፊን፦ አበዳሪው ቤት ፍለጋ ውስጥ ሲገባ

አሜሪካ ውስጥ ቤት ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ ባንክ አይሄድም። ስልኩን ያወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሲያትል፣ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የሰው ሳሎንና ኩሽና ሲያገላብጥ ያመሻል። ቀጥሎ ሪልተር፣ ማለትም ቤት የሚያሻሽጠው ደላላ፣ ይመጣል። ሪልተሩም ብዙ ጊዜ «እኔ የማውቀው አበዳሪ አለ» ይላል። አበዳሪው እንግዲህ የወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ሮኬት የተባለው የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ኩባንያ ከዚያ ወረፋ ለመውጣት ብዙ ዓመት ታግሏል። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩባንያውን በ1985 ሚሺጋን ውስጥ ሮክ ፋይናንሺያል ብሎ የመሠረተው ዳን ጊልበርት ነው። በ1999 ኢንቱይት የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ገዛው፣ ስሙም ኩዊክን ሎንስ ሆነ። በ2002 ጊልበርት መልሶ የራሱ አደረገው። በ2010 ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ ዲትሮይት መሃል ከተማ ገባ። በ2015 በስልክ የሚያልቅ ብድር «ሮኬት ሞርጌጅ» ብሎ አወጣ፤ በዚያው ስም ገነነ።

ትልቁ እንጀራው ሪፋይናንስ፣ ማለትም የድሮውን ብድር በአዲስ መተካት፣ ነበር። በ2020 እና በ2021 ወለድ ከ3 በመቶ በታች ወርዶ ስለነበር ሰው ሁሉ ብድሩን ሊያድስ ይሯሯጥ ነበር። በ2023 መገባደጃ ወለዱ ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። 3 በመቶ የያዘን ሰው «ና በ8 አድስ» ቢሉት ይስቅባችኋል። የቀረው አዲስ ቤት የሚገዛው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ያለው ቤት መፈለጊያው ላይ ነው።

ሮኬት ቀደም ብሎም ሞክሯል። ገዢን ከሪልተር የሚያገናኝ ክፍል ነበረው፤ በኋላ ሮኬት ሆምስ ተባለ። በ2018 ባለቤቶች ያለ ደላላ የሚሸጡበትን ፎር ሴል ባይ ኦነርን ገዛ። የታወቀውን የቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ የዚሎውን ያህል ስም ግን አላወጣም። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ሮኬት ሆምስን ከሰሰ። ሪልተሮች ገዢውን ወደ ሮኬት ብድር እንዲነዱ ጥቅም ሰጥቷል የሚል ነበር ክሱ። በ1974 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን የጓሮ ክፍያ ይከለክላል። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም፤ መንግሥት ከተቀየረ በኋላ በየካቲት 2025 ክሱ ተነሣ።

በመጋቢት 2025 ሮኬት «መሥራት ካልሆነልን እንግዛ» ያለ ይመስላል። የቤት መፈለጊያውን ድረ ገጽ ሬድፊንን በ1.75 ቢሊዮን ዶላር፣ ሙሉውን በአክሲዮን፣ እንደሚገዛ አስታወቀ። ግዢው ሐምሌ 1 ቀን 2025 ተጠናቀቀ። ሬድፊን በ2004 ሲያትል ውስጥ የተመሠረተ ነው፤ ቤትን በካርታ ላይ መፈለግን ቀድመው ካስለመዱት አንዱ። በወር ወደ 50 ሚሊዮን ጎብኚ እና ከ2,200 በላይ ሪልተሮች ነበሩት። ትርፍ ላይ ግን ገና አልተደላደለም ነበር። የሚገርመው እሱም በ2022 ቤይ ኢኩዊቲ የተባለ አበዳሪ ገዝቶ ነበር፤ ዚሎውም በ2018 እንዲሁ አድርጓል። ቤት አሳዩ ወደ ብድር፣ አበዳሪው ወደ ቤት ማሳየት ይጓዛሉ ማለት ነው።

ከግዢው በኋላ የሬድፊን ገጽ ላይ ከቤቱ ፎቶ አጠገብ ስንት መበደር እንደምትችሉ በሮኬት በኩል የምታረጋግጡበት ቁልፍ መጣ። ማባበያም ተጨመረ፦ በሬድፊን ሪልተር ገዝቶ ከሮኬት የሚበደር ሰው የመጀመሪያው ዓመት ወለዱ በ1 በመቶ ነጥብ ይቀንስለታል፣ ወይም ክሎዚንግ (የግዢው መዝጊያ ፊርማ) ላይ እስከ 6,000 ዶላር ያገኛል።

እስቲ እናስላው። 400,000 ዶላር ለ30 ዓመት በ6.5 በመቶ ቢበደሩ ዋናውና ወለዱ በወር 2,528 ዶላር ገደማ ነው። በ5.5 በመቶ 2,271 ይሆናል። በወር 257 ዶላር ይተርፋል፣ በዓመት 3,000 አለፍ ይላል። በሁለተኛው ዓመት ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። መነሻው ወለድ ራሱ ከሌላ አበዳሪ ከፍ ያለ ከሆነ ቅናሹ ቅናሽ አይደለም። ስለዚህ ከሁለት ሦስት አበዳሪ የብድር ግምት የሚባለውን ባለ 3 ገጽ ወረቀት አስወጥቶ ጎን ለጎን ማየት ነው፤ በሕግ ማመልከቻው በገባ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው።

ሮኬት በሬድፊን አላበቃም። በዚያው በመጋቢት 2025 ሚስተር ኩፐር የተባለውን ኩባንያ በ9.4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ በጥቅምት 2025 ጠቀለለው። የሚስተር ኩፐር ዋና ሥራ የሰዎችን ወርሃዊ የብድር ክፍያ መሰብሰብ ነው። ወለድ ሲወርድ ደግሞ ሮኬት መጀመሪያ የሚደውለው ለእነዚሁ ሰዎች ነው።