የስትራቴጂ ካርድ ምንድን ነው? ሞኖፖሊ ላይ አዲስ ካርድ ስለመጨመር

ዳይስ እየተጣለ ቦታ የሚገዛበትና ኪራይ የሚሰበሰብበት የሰሌዳ ጨዋታ፣ ሞኖፖሊ ላይ፣ «ቻንስ» እና «ኮሚዩኒቲ ቼስት» የሚባሉት ሁለቱ የካርድ ክምሮች እያንዳንዳቸው 16 ካርድ አላቸው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጫዋቹን ምንም አያስመርጡትም፤ ያነሳል፣ ያነባል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። በዳይሱ ዕድል ላይ የተደረበ ሌላ ዕድል ነው። የስትራቴጂ ካርድ የሚባለው ግን እጅ ላይ የሚቆይ፣ መቼና በማን ላይ እንደሚውል ባለቤቱ ራሱ የሚወስንበት ካርድ ነው።

ጨዋታው ውስጥ የዚህ ዓይነት ካርድ ከድሮም አለ። ከእስር ቤት በነጻ የሚያስወጣው ካርድ በየክምሩ አንድ አንድ አለ፤ ማስቀመጥም ለሌላ ተጫዋች መሸጥም ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ወጥቶ ቦታ መግዛት ስለሚያዋጣ ወዲያው ይመዘዛል። ሰሌዳው በሆቴል ከተሞላ በኋላ ግን እስር ቤት ተቀምጦ ኪራይ መሰብሰብ ስለሚሻል ካርዱን የያዘ ሰው አይቸኩልም።

አዲስ ካርድ ለመፍጠር የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት «ከባንክ 500 ዶላር ውሰድ» ዓይነቱ ነው። ይሄ ምንም አያስመርጥም፤ ይባስ ብሎ ጨዋታውን ያስረዝማል፣ ሞኖፖሊ የሚያልቀው ሰው ሲከስር ነውና። «ለአንድ ዙር ባንኩ ቤት አይሸጥም» የሚለው ደግሞ ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን ባንኩ ያሉት 32 ቤቶች ብቻ ስለሆኑ፣ ሆቴል ሳይሠሩ አራት አራት ቤት ይዞ በመቀመጥ ሌላውን ቤት ማሳጣት አሁንም ይቻላል። ያለ ካርድ የሚሠራውን ነገር በካርድ መድገም ለምን ያስፈልጋል?

እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፦ «የአንድን ተጫዋች የዳይስ ድምር በአንድ ጨምር ወይም ቀንስ»። ከእስር ቤት የወጣ ሰው ብርቱካናማዎቹ ቦታዎች (በብርቱካናማ ቀለም የተለዩት ሦስቱ) ላይ የሚያርፈው 6፣ 8 ወይም 9 ሲጥል ነው። ከ36ቱ የዳይስ አጣጣሎች 14ቱ እዚያ ያደርሱታል፤ ሆቴል ካለባቸው ኪራዩ 950 ወይም 1,000 ዶላር ነው። ካርዱን የያዘ ሰው 6 ቢጥል ወደ 5 ወይም ወደ 7፣ 8 ቢጥል ወደ 7፣ 9 ቢጥል ወደ 10 ቀይሮ ያመልጣል። አሁን ደግሞ ብርቱካናማዎቹ የእርስዎ ናቸው እንበል። ባላጋራዎ ከእስር ቤት ወጥቶ 7 ጣለና የኮሚዩኒቲ ቼስት ካርድ የሚነሳበት ቦታ ላይ አርፎ እፎይ አለ። ያ ቦታ ያለው በ6 እና በ8 መካከል ነው፤ ቢጨምሩበትም ቢቀንሱበትም እርስዎ ሆቴል ላይ ይወድቃል።

አንዲት ካርድ መከላከያም ማጥቂያም ስትሆን ጥሩ ናት፤ ችግሩ ከመጠን በላይ መጠንከሯ ነው። ተጫዋች ጨዋታውን በ1,500 ዶላር በሚጀምርበት ሰሌዳ 1,000 ዶላር በነጻ ማዳን ብዙ ነው። ዳይሱ ሳይወረወር ካርዱ ይመዘዝ ቢባል ወደ ግምት ይወርዳል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ስሌቱም አብሮ ይጠፋል። ከተወረወረ በኋላ ይመዘዝ፣ ነገር ግን ለባንክ 100 ዶላር ይከፈልበት ማለት የተሻለ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያለቀበት ሰው ካርዱን ለመጠቀም የገዛውን ቦታ ለባንክ በመያዣነት ሰጥቶ እስከመበደር ሊደርስ ይችላል፤ ያ ራሱ ሌላ ውሳኔ ነው።

ብዛቱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች መጀመሪያ ላይ አንድ ቢሆን ይበቃል። ሦስት አራት ከሆነ ቦታ መግዛቱ ትርጉም ያጣል። ካርዶቹ በክምሩ ውስጥ አብረው ተበውዘው እንዲወጡ ከተፈለገ ደግሞ ወረቀታቸው ከዋናዎቹ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለዚያ ከጀርባቸው ይታወቃሉ። የተያዘ ካርድ ይደበቅ ወይስ ይታይ በሚለው ላይ ሰው ይለያያል። ሞኖፖሊ ላይ ቢታይ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሁሉም ሲያየው «ይህችን ዙር አትምዘዝብኝ፣ የባቡር ጣቢያዬን በርካሽ እሰጥሃለሁ» የሚል ድርድር ይጀመራል።