በጎንደር የኬሚስትሪ ፈተናን በጋራ መሥራት

በጎንደር የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ያለፉ ዓመታትን የኬሚስትሪ ፈተና ተሰባስበው ይሠራሉ። ግሩፕ ስተዲ ይሉታል። አራት አምስት ይሆኑና ሰፋ ያለ ቤት ያለው ጓደኛቸው ጋ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ወይም በአንድ ደብር ቅጥር ግቢ ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። በከተማዋ አብሮ መማር የቆየ ነገር ነው። ጎንደር በአቋቋም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኑ የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት፣ የታወቀች ናት፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቿም የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል።

ኬሚስትሪ ለቡድን ይመቻል። ግማሹ ሽምደዳ፣ ግማሹ ስሌት ነው። ኦርጋኒክ ላይ የሚበረታ ልጅ ሞል (የቅንጣቶች ብዛት የሚለካበት አሃድ) ላይ ሊንገዳገድ ይችላል፤ ጎኑ የተቀመጠው ደግሞ በተቃራኒው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይነበባል፣ ክርክሩ ግን በአማርኛ ነው። በክፍል ውስጥ እጁን የማያነሳ ልጅ እዚህ አፉን ይፈታል።

በደንብ የሚሠራ ቡድን መጀመሪያ ዝም ይላል። ሁሉም ለየብቻው ይሠራና ምርጫውን ይጽፋል። ከዚያ ያስተያያሉ። የተስማሙበትን ያልፉታል፤ የተለያዩበት ላይ ይቆማሉ። እኔ የዚህ ጥናት ዋናው ጥቅም እዚያ መቆሙ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ የታወቀ ጥያቄ እንውሰድ። የ0.00000001 ሞላር (በአንድ ሊትር ያለ ሞል) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች ስንት ነው? ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ። ቀመሩን ብቻ የያዘ ልጅ ወዲያው 8 ይላል። ጓደኛው «አሲድን በውሃ አቅጥነህ ቤዝ ልታደርገው ነው እንዴ?» ይለዋል። ይህን ጊዜ ቀመሩ ይቀርና ውሃው ይታሰባል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹሕ ውሃ ራሱ 0.0000001 ሞላር ሃይድሮጅን አዮን አለው። ከአሲዱ ከሚመጣው 10 እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱም ሲታሰቡ ፒኤቹ 6.98 አካባቢ ይሆናል፤ ከ7 ትንሽ ዝቅ ያለ፣ አሁንም አሲድ። 8 ያለው ልጅ ለምን 8 እንዳለ እስኪያስረዳ ካልተጠበቀ ግን ትክክለኛውን ቁጥር ቀድቶ ያልፋል፣ በሌላ ጥያቄም እዚያው ይወድቃል።

ሌላው 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ስንት ግራም ውሃ ይገኛል የሚለው ነው። 4 ከ16 ስለሚያንስ ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጅን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አንድ ሞል ሃይድሮጅን 2 ግራም፣ አንድ ሞል ኦክስጅን 32 ግራም ስለሚመዝን፣ ወደ ሞል ሲቀየር ሃይድሮጅኑ 2፣ ኦክስጅኑ 0.5 ነው። 0.5 ሞል ኦክስጅን የሚፈልገው 1 ሞል ሃይድሮጅን ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው። 18 ግራም ውሃ ይወጣል፣ 2 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል። 18 እና 2 ሲደመሩ የተነሱበትን 20 ግራም መስጠታቸውን የሚያይ ሰው ከቡድኑ አይጠፋም።

ድክመትም አለው። አንድ ቀለሜ ይዞ ሌላው ሲገለብጥ ጥናቱ ኩረጃ ይሆናል። እጅ በእጅ የሚዞሩ የመልስ ወረቀቶችም ስህተት አያጣቸውም፤ ወረቀቱ «ሲ» ስላለ ብቻ ትክክለኛ ስሌቱን ሰርዞ የሚቀይር ልጅ ያሳዝነኛል።

የፈተናው አሰጣጥ መለወጡ ይህን ጥናት ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለማስቆም ሲባል ብሔራዊ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የሚወስዱት ሆነ። በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስልክ ይዞ መግባት የለም።

ለጎንደር ልጅ ሌላም ምክንያት አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ የተነሳው የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ነው፤ ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎችን እያየ ያደገ ልጅ ሕክምና ቢመኝ አይገርምም። ለዚያ ደግሞ ኬሚስትሪ ግድ ነው።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ብዙ ተማሪዎችን ከትምህርት ገበታ ለይቷል። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። በቴሌግራም ጥያቄ መላላክ ለለመደ ተማሪ ይህ ከባድ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የታተመ ወረቀት ያለው ልጅ ለሌሎቹ ኮፒ ያደርጋል፣ ኮፒ ቤት መብራት ከሌለ በእጅ ይገለበጣል። ቡድኑ ተከራክሮ ያልፈታው ጥያቄ በደብተር ጠርዝ ላይ ምልክት ይደረግበትና ለመምህሩ ወይም ሰፈር ውስጥ ላለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይቀርባል።