ስድስት ኪሎ ለህዝብ ክፍት የሆኑ ንግግሮች፣ የጤና ፕሮግራሞችና የማህበረሰብ አገልግሎት

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ማንም ገብቶ የሚሰማቸው ንግግሮች፣ ውይይቶች፣ የኪነጥበብ ምሽቶችና የበጎ ፈቃድ ስራዎች አሉ፣ ግን ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ብዙ ሰው የስድስት ኪሎን በር እያየ ለተማሪ ብቻ ነው ብሎ ያልፋል።

ልማዱ የቆየ ነው። የዩኒቨርሲቲው መነሻ የሆነው ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ከተከፈተ በኋላ የኮሌጅ ቀን የሚባል በዓል ነበረ፣ ተማሪ ግጥም ጽፎ የሚወዳደርበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚገኙበት። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ በድሃው አንደበት የጻፈውን ግጥም አቀረበና ከዛ በኋላ የግጥሙ መድረክ የድሃውና የገበሬው ኑሮ የሚነሳበት ሆነ። ቤተ መንግስቱ ተቆጥቶ ግጥም አስቀድሞ ይታይ አለ ይባላል፣ ተማሪው ግን ደፋር እንደነበር አያጠራጥርም። በዛው ዓመት ታህሳስ ላይ የመፈንቅለ መንግስት ሙከራው ተደረገ፣ ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት ውስጥ ባለስልጣናት ተገደሉ፣ ከዛ ንጉሡ ቤተ መንግስቱን ለትምህርት ሰጡትና በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው እዛ ገባ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሰረተ፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፣ በ1958 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤም ለሶስተኛ ጊዜ ሲካሄድ አዲስ አበባ ላይ ሆነ። የተቋሙ ሙዚየም አሁንም እዛው ቤተ መንግስቱ ውስጥ ነው፣ የንጉሡ መኝታ ቤት ይታያል፣ ደጅ ላይ ደግሞ ጣልያን የፋሺስት ዘመኑን በዓመት አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠረ የሰራው ጠመዝማዛ መወጣጫ አለ፣ ጫፉ ላይ ግን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል።

ማህበረሰብ ማገልገሉም የተጀመረው ያኔ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ይሰራ ነበር፣ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ፣ ከተማ ያደገው ልጅ አገሩን ያወቀው በዚህ ነው።

በደርግ ጊዜ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በህብረት ዘመቻ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ዘመቱ።

አሁን ትላልቆቹ መድረኮች ራስ መኮንን አዳራሽ ይሆናሉ፣ ጥናት ነክ የሆኑት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ ግጥምና ቲያትር የባህል ማዕከል። የካቲት ላይ ይበዛሉ፣ የካቲት 12 የሰማዕታቱ ሐውልት ከበሩ ፊት ለፊት ነው፣ ዓድዋም በዛው ወር ነው። ቦታ ከሞላ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ይሰማል፣ ጥያቄ ያለው በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ወደ መድረኩ ያሳልፋል። እንግዳው የውጭ ሰው ከሆነ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ የውይይቱ ሞቅታ ግን ሁሌም በአማርኛ ይመጣል።

ጤና ላይ የደም ልገሳ ቀናት አሉ፣ ለጭንቀትና ለድብርት ለተማሪ የምክር አገልግሎት አለ፣ ስለ አእምሮ ጤና የሚደረጉ ንግግሮችም እየተለመዱ ነው፣ በጣም የሚያስፈልግ ነገር ነው። የህግ ትምህርት ቤቱ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የህግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

የሚመጣውን ፕሮግራም ለማወቅ የዩኒቨርሲቲውን ፌስቡክና ቴሌግራም ማየት ነው፣ በር አካባቢ የሚለጠፈውንም። መታወቂያ ያዙ፣ ፍተሻ አለ፣ ላፕቶፕ ከያዛችሁ ስትገቡ አስመዝግቡት፣ ስትወጡ ትጠየቃላችሁ።