መጀመሪያ የትኛውን ሰርተፊኬት? ወደ አይቲ ለሚገቡ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለ ሐበሻ ወደ አይቲ ልግባ ካለ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። «ሌላውን ተወው፣ ሴኩሪቲ ፕላስ ውሰድ፣ ሥራው ይመጣል።» ሴኩሪቲ ፕላስ የኮምፒውተር ደህንነት መሠረታዊ ሰርተፊኬት ነው። ኡበር የሚነዳውም፣ ፓርኪንግ የሚሠራውም፣ ሙያ ልቀይር የምትለውም ይህንኑ ይዘው ይመጣሉ። ለሄልፕ ዴስክ፣ ማለትም ኮምፒውተር ያስቸገራቸውን ሠራተኞች ለሚረዳው ክፍል፣ የሚያመለክቱ ሰዎችን ኢንተርቪው ስለማደርግ ውጤቱን አየዋለሁ። ምክሩ በጣም ያናድደኛል።

ነገሩ ከመሬት አልተነሳም። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ሲስተሞቹን የሚይዙ ሠራተኞች፣ ኮንትራክተሮችም ጭምር፣ እሱ የሚቀበለው ሰርተፊኬት እንዲኖራቸው ይፈልጋል። መመሪያው ድሮ 8570 ይባል ነበር፣ አሁን 8140 ነው። ሴኩሪቲ ፕላስ ከሚቀበላቸው አንዱ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ደግሞ በኮንትራክተር የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ «እኔን ያስገባኝ እሱ ነው» የሚላችሁ ዘመድ አልዋሸም። ግን ግማሹን ነው የነገራችሁ። ከነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ክሊራንስ፣ ማለትም ሚስጥራዊ መረጃ ለማየት መንግሥት የሚሰጠውን ፈቃድ፣ ይጠይቃሉ። ክሊራንስ በመደበኛው መንገድ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጋ ነው። በራሳችሁም አመልክታችሁ አታገኙትም፤ የሚያስጀምርላችሁ ቀጣሪ ያስፈልጋል። ገና ግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው ይህን ሳይነገረው ለፈተናው ከ400 ዶላር በላይ ይከፍላል።

ዜጋ ብትሆኑም ችግሩ አያልቅም። ሴኩሪቲ ፕላስን ለመፈተን ቅድመ ሁኔታ የለም። ፈተናውን የሚያወጣው ድርጅት ኮምፕቲያ ግን የራሱ የኔትወርክ ሰርተፊኬት የሆነው ኔትወርክ ፕላስና የሁለት ዓመት ልምድ ቢኖር ይመረጣል ይላል። ያን ዘሎ የመጣ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ሁሌ የምጠይቃት ጥያቄ አለች። አንድ ሠራተኛ ኢንተርኔት እምቢ አለኝ ብሎ ደወለ፤ የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ (ኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር) በ169.254 ይጀምራል፤ ምን ታደርጋለህ? ኮምፒውተሩ አድራሻ ከሚያድለው ከዲኤችሲፒ አድራሻ ስላላገኘ ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው። ኬብሉን ወይም ዋይፋዩን ታያለህ፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ስዊች ታያለህ፣ ከዚያ ወደ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ትሄዳለህ። አንድ ጎበዝ ልጅ ሴኩሪቲ ፕላስን ይዞ መጣ። ስለ ፊሺንግ፣ ስለ ራንሰምዌር፣ ስለ ኢንክሪፕሽን አንድም ሳይስት ነገረኝ። ይህችን ስጠይቀው ቆይቶ «ሀክ ተደርጎ ይሆናል» አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። የበደለው መሠረቱን ዝለል ብሎ የመከረው ሰው ነው።

የኮምፕቲያ የጀማሪ ሰርተፊኬት ስለሆነው ስለ ኤ ፕላስ «ኤ ፕላስ ኮምፒውተር ለሚጠግን ሰው ነው» የሚባለውም ስህተት ነው። ሃርድዌር አለው፤ ግን ዊንዶውስ፣ ኔትወርክ፣ ስልክ፣ ፕሪንተር፣ ሴኩሪቲና ችግር ፈልጎ ማግኘትም ውስጡ አሉ። የሄልፕ ዴስክ ውሎ ይኸው ነው። ከዜሮ ለሚነሳ ሰው እኔ የምመክረው እሱን ነው። ፈተናው ሁለት መሆኑን ግን ቀድማችሁ እወቁ። ሁለቱንም ማለፍ ግድ ነው፤ ለእያንዳንዱም ከ200 ዶላር በላይ ይከፈላል።

«ኤ ፕላስ፣ ኔትወርክ ፕላስ፣ ሴኩሪቲ ፕላስ በተራ ግዴታ ነው።» አይደለም።

«ሲሲኤንኤ ለጀማሪ አይፈቀድም።» ይፈቀዳል። ሲሲኤንኤ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ የሚሰጠው የኔትወርክ ሰርተፊኬት ነው። ከ2020 ጀምሮ አንድ ፈተና ብቻ ነው፣ ቅድመ ሁኔታም የለውም። ይከብዳል፣ ያ እውነት ነው። ሰብኔቲንግ (የአይፒ አድራሻን መከፋፈል) በደንብ መሥራት፣ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ በስዊች ላይ መለያየት) ማዋቀር፣ ኦኤስፒኤፍን (ራውተሮች መንገድ የሚመርጡበትን ዘዴ) መረዳት ይፈልጋል። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራችሁ፣ ኔትወርኪንግ ወስዳችሁ የመጣችሁ ግን ለምን እንደ አዲስ ከኤ ፕላስ ትጀምራላችሁ? እዚህ ስትደርሱ «ዲግሪህ አይሠራም» የሚላችሁን ሁሉ አትስሙ። ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያለማምደው የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነፃ ይገኛል። አውርዱና እጃችሁን አፍታቱ።

«አንዴ ካለፍኩ አለቀ።» አላለቀም። ሦስቱም የኮምፕቲያ ሰርተፊኬቶችም ሆኑ ሲሲኤንኤ የሚያገለግሉት ሦስት ዓመት ነው። ኤ ፕላስ ኖሯችሁ፣ ጊዜው ሳያልፍ ሴኩሪቲ ፕላስን ብታልፉ ግን ኤ ፕላሱም አብሮ ይታደሳል።

«ዳምፕ ካጠናሁ ይበቃኛል።» ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት የተሰረቁ ጥያቄዎች ከተደረሰባችሁ ሰርተፊኬቱን ያሰርዛሉ፣ ዳግም እንዳትፈተኑም ያሳግዳሉ። ባይደረስባችሁም ኢንተርቪው አለ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ኮምፕቲያ እያንዳንዱ ፈተና የሚሸፍነውን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ በነፃ ያወጣል። የኤ ፕላስን አትሙና በየመስመሩ «ይህን ለሌላ ሰው በአማርኛ ማስረዳት እችላለሁ?» ብላችሁ የምትችሉት ላይ ምልክት አድርጉ። አብዛኛውን ከቻላችሁ የኔትወርክ ፕላስን ዝርዝር አውጥታችሁ እንዲሁ ሞክሩ። ምልክቱ የሳሳበት ዝርዝር የየትኛው ፈተና ነው? መጀመሪያ የምትፈተኑት እሱን ነው።